የአያ ይርጋ የማንሆል ክዳን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ «ውብነሽ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። የፓተንት መርማሪ ነበርኩ ስላቸው ፖሊስ የነበርኩ ይመስላቸዋል፤ አንዷማ «ታዲያ ሽጉጥ ነበረሽ?» ብላኛለች። ሽጉጥ አልነበረኝም። ሰው «ይህን ፈጠርኩ» ብሎ ሲመጣ ነገሩ በእርግጥ አዲስ መሆኑን፣ አዲስ ቢሆን እንኳ የሙያው ሰው ሁሉ ሳይጨነቅ የሚደርስበት ተራ ነገር አለመሆኑን ማጣራት ነበር ሥራዬ። አዲስነቱን ማጣራት የፍለጋ ጉዳይ ነው፤ ይገኛል ወይም ይታጣል። ሰው የሚያጣላው ሁለተኛው ነው። የእኔም ዕድሜ ያለቀው በዚሁ በሁለተኛው ላይ ነው።

የተወለድኩት እዚሁ ጎንደር፣ ከቅኔ መምህር ቤት ነው። አባቴ የተማሪ ቅኔ የሚሰማው ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ቤቱ ቢመታም፣ ዜማው ቢሰምርም፣ ምሥጢሩ ሌላ ሰው ቀድሞ የተናገረው ከሆነ «ይኸ የተበላ ነው፤ ሂድና የራስህን አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ቁጥር ይቀናኝ ነበርና ምህንድስና ተማርኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት የውኃ ፓምፕ የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ነው። የተቃጠለ ሞተር ሳይፈታ በአፍንጫው የሚለይ አለቃ ነበረኝ፤ እኔንም አስተምሮኛል። እጄ በግራሶ ጠቁሮ ሳለ ነው አዲስ አበባ የፓተንት መርማሪ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ያየሁት።

እዚያ የተቀበሉኝ አቶ ገላዬ ናቸው። የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ የእንፍራንዝ ሰው፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ። ማመልከቻ ሲቀርብላቸው ሥዕሉን መጀመሪያ አያዩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሥዕሉ ላይ ይደፉና ችግሩ የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ያነባሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ራሳቸው መፍትሔ ይፈልጋሉ። የመጣላቸውን ሁሉ በነጭ ወረቀት ላይ ይሥላሉ፤ ይሰርዛሉ፤ እንደገና ይሥላሉ። ባርኔጣው የሚነሳው ሲደክማቸውና «እንግዲህ እንየው» ሲሉ ነው።

«ምን አስቸኮለሽ?» ይሉኝ ነበር። «ካየሽው በኋላማ ሁሉም ቀላል ነው። መልሱን ያወቀ ሰው ጥያቄው ከብዶት እንደነበር አያስታውስም።»

ሌላም ነበራቸው። ጀማሪ መርማሪ አንድን ፈጠራ ውድቅ ለማድረግ ሲፈልግ ግማሹን ከአንድ አሮጌ ሰነድ፣ ግማሹን ከሌላ ያመጣና «ይኸው፣ ሁለቱ ሲገጠሙ ይህ ይሆናል» ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አቶ ገላዬ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጡና «እኒህ ሁለቱ መቼ ተዋወቁ?» ይሉኛል። «ያለ ሽማግሌ ጋብቻ የለም። የሙያው ሰው ይህን ከዚያ ጋር እንዲያጋባ የሚገፋው ምክንያት ምንድን ነው? ሽማግሌውን አምጪልኝ።» ሽማግሌው ሲገኝ ፈጠራው ይወድቃል፤ ሲታጣ ይቆማል። ስንቱን የሕግ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ እንኳ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

እናቴ ስትደክም ዝውውር ጠይቄ ጎንደር ተመለስኩ። ፒያሳ፣ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ ንፋስ በመጣ ቁጥር መስኮቷ የምትንኳኳ ትንሽ ቢሮ ሰጡኝ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ፤ አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ማኅተም። ደመወዙም እንደ መንግሥት ደመወዝ ነበር። ያንን ደረጃ እየወጡ የሚመጡት ሰዎች ግን ዛሬም ይናፍቁኛል። ከዳባት የገብስ መውቂያ በአህያ አስጭኖ የመጣ ገበሬ ነበር። ከወገራ ንቡን ሳያስቆጡ ማር የሚቆርጡበት መሣሪያ ያመጡ ቄስም ነበሩ፤ መሣሪያውን ለማሳየት ንቡንም ይዘው መጥተው ኖሮ፣ ያን ቀን እሳቸውም እኔም ውጪ ቆመን ዋልን።

አያ ይርጋ የመጣው በአንድ የሰኔ ጠዋት ነው። የማንሆል ክዳን በትከሻው ተሸክሞ ደረጃውን ወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ጠረጴዛው የሚሰበር መስሎኝ ብድግ አልኩ። ክዳኑ ግን ቀለል ብሎ አረፈ።

«አትፍሪ» አለኝ እየሳቀ። «ብረት አይደለም።»

እጆቹ ሰፋፊ፣ ድምፁ ማዶ ለማዶ የሚጣራ ሰው ነው። የኮላ ድባ ተወላጅ ሲሆን ብዙ ዘመን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ የፋይበር ግላስ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ በኋላ ሚስቱን ጥሩዬን ይዞ ጎንደር ገብቷል። አንቱ ብዬ ስጠራው «አንቱ ለቄስ ነው፤ እኔን አያ በይኝ» አለና ተቀምጦ ነገሩን ከሥሩ አጫወተኝ።

ጥሩዬ በክረምት ከገበያ ስትመለስ መንገዱን ጎርፍ ሞልቶት ነበር። የማንሆሉን የብረት ክዳን ሌባ ነቅሎ ለቁራሌው ሸጦታል፤ ጉድጓዱን ደግሞ ውኃው ሸፍኖታል። ሳታውቅ ገባችበት። ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትራመድም።

«ሆስፒታል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው» አለኝ። «የሚሰረቀው ብረት ስለሆነ ነው። ብረት ባይሆንስ? እኔ ጀልባ የምሠራበት ነገር ማኪና ይሸከማል፤ ቁራሌ ግን አይገዛውም። ሠራሁት። ሠርቼ ሳበቃ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ቀላል ስለሆነ ጎርፍ ያነሳዋል። ለዚያ ደግሞ ሰናይት አለች።»

ሰናይት የእህቱ ልጅ ናት። ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ማራኪ፣ ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር፣ ስልክ የምትጠግንበት ሱቅ ከፍታለች። ክዳኑ ሲነሳ ወይም ከሥሩ ውኃ ሲሞላ ወደ ስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ ሠርታ፣ ክዳኑ ሆድ ላይ በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክረው የጀልባ ሙጫ፣ አሽጋዋለች።

ቀደምት ሥራዎችን ፈለግሁ። ከፋይበር ግላስና ከሬዚን የተሠራ የማንሆል ክዳን ውጭ አገር ከተመዘገበ ቆይቷል። መልእክት የሚልክ መሣሪያ በሬዚን ታሽጎ የተገጠመለት የብረት ክዳንም ተመዝግቧል። የብረቱ ክዳን ባለቤት ራሱ ሰነዱ ላይ አንድ ችግር አንሥቷል፤ ብረት የሬዲዮ ሞገድ ስለማያሳልፍ መልእክቱ ከጉድጓዱ ለመውጣት ይቸገራል። ፋይበር ግላስ ደግሞ ሞገድ እንደሚያሳልፍ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ሳይጠራ መጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ውድቅ አደረግሁት። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ እወስናለሁ።

አያ ይርጋ ውሳኔውን አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው እታለም? እኒህን ሰዎች እኔ የት አውቃቸዋለሁ?»

«ከማንም እንዳልቀዳህ አምናለሁ፣ አያ ይርጋ። የሕጉ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ለመሥራት ይቸገር ነበር ወይ? አይቸገርም። ግልጽ ነው።»

«ግልጽ?»

«ግልጽ። ለአገር ውስጥ አዲስ ስለሆነ ግን አነስ ያለውን፣ የግልጋሎት ሞዴል የሚባለውን ምስክር ወረቀት መጠየቅ ትችላለህ።»

«ለአነስተኛው አልመጣሁም» አለና ክዳኑን ተሸክሞ ወረደ።

ፋይሉ ቢዘጋም እሱ አልቆመም። በሚቀጥለው ዓመት ለሙከራ ተፈቅዶለት ከአራዳ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ክዳኖቹን ገጠመ። በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የሰናይት ስልክ ሲጮህ ይውል ነበር። እኔም ከሥራ ስወጣ መንገዴን አጠማዝዤ አያቸዋለሁ፤ ውድቅ ያደረግሁት ነገር ሲሠራ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ግን ክዳኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሰናይት ኔትወርክ ነው ብላ ጠበቀች። በዚህ መካከል አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ወረደና ጎርፉ አንዱን ክዳን አንሥቶ ወሰደው። መልእክት አልመጣም። ኩንታል እህል የተሸከመ ኩሊ ገባበት።

ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሰው ተረባርቦ አውጥቶታል። እግሩ ተሰብሮ ያቃስት ነበር። አያ ይርጋ ዝናቡ እየወረደበት አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ አጠገብ ያለውን ክዳን በድጅኖ ፈንቅሎ ገለበጠ። ክዳኑ ደኅና ነው፤ የመሣሪያው እሽግ ግን እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ውኃ አስገብቷል። ከባድ መኪና ባለፈበት ቁጥር ክዳኑ ትንሽ ይለምጥና ይመለሳል፤ ደረቁ ሬዚን አብሮ መለመጥ አልቻለም።

ቀና ብሎ አየኝ። ሰላም አላለኝም።

«ግልጽ ነው ብለሽኝ ነበር» አለኝ። «ግልጽ ከሆነ መሣሪያው ምነው ሞተ?»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጃንጥላዬን ከጉዳተኛው በላይ ዘርግቼ መኪና እስኪመጣ ቆምኩ።

ሙከራው ተቋረጠ። ኩሊው እስኪያገግም ጥሩዬ በምርኩዟ እየተደገፈች ምግብ ትወስድለት ነበር፤ አያ ይርጋም ሥራ እስኪጀምር ቤቱን ደጎመለት። ማራኪ አካባቢ ሰናይትን «ባለ ዲዳ ክዳኗ» ይሏት ጀመር። እሷ ግን አልተወችም፤ እሽጉን አወፈረችው። የወፈረው ይበልጥ ተሰነጠቀ። ላስቲክ ጨመረችበት፤ እሱም በጠርዙ ተላቀቀና ውኃ ገባው። አያ ይርጋ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጎርጎራ ጀልባ ጥገናው ተመለሰ ሲባል ሰማሁ።

ጥር ላይ ግን ከሰናይት ጋር ደረጃውን ወጥተው መጡ። አያ ይርጋ ክዳኑን ገልብጦ አሳየኝ። ሆዱ ላይ ከክዳኑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ አፉ ወደ ታች የተደፋ ኩባያ አለ። ኩባያው ውስጥ፣ ከላይ በኩል፣ መሣሪያው በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«መዝጊያው የት አለ?» አልኩ።

«የለውም» አለች ሰናይት። «አጎቴ አብዷል ብዬ እናቴ ዘንድ ደውያለሁ እኮ። ውኃ የገደለውን ነገር ጭራሽ ክፍት እንተወው ሲለኝ!»

አያ ይርጋ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «ጣና ላይ ጀልባ ተገልብጦብኝ ያውቃል፤ ጎልማሳ ሳለሁ። ማዕበሉ ሲያይልብኝ ከጀልባው ሥር ገባሁ። ጨለማ ነው፣ ግን አየር አለ። ተደፍቶ አየሩን ይዞልኛል። ሰው እስኪደርስልኝ እዚያ ስተነፍስ ቆየሁ። ከላይ ቀዳዳ ቢኖረው አልቆልኝ ነበር፤ ከታች ክፍት መሆኑ ግን ምንም አላደረገኝ። ባለፈው ጎርጎራ አንድ ጀልባ ደፍቼ ስጠግን ይኸው ትዝ አለኝ። የኩሊው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነበርና ዘልዬ ተነሣሁ።»

ሰናይት ቀጠለች። የመሣሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እርጥበት እንዳይበላው ቫርኒሽ ቀብታ፣ ክዳኑን በርሜል ውኃ ውስጥ ደፍታ ብዙ አቆይታዋለች። ሲወጣ ደርቆ፣ መልእክት እየላከ ነበር። የጭነት መኪና አመላልሰውበታል። የሚሰነጠቅ እሽግ ስለሌለ የተሰነጠቀ ነገር የለም።

አዲሱን ማመልከቻ ተቀበልኩ። ሥዕሉ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በአቶ ገላዬ ወንበር የተተካው ወጣቱ ኃላፊ ዳንኤል ስልክ ደወለልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በሥራው ቀልድ አያውቅም።

«እትዬ ውብነሽ፣ ኩባያ መድፋት ምኑ ነው ፈጠራው? ሕፃናት መታጠቢያ ውስጥ ይጫወቱበታል። ይኸ ከፊተኛውም ይበልጥ ግልጽ ነው።»

ከልቤ ልቃወመው አልቻልኩም። ነገሩ ለእኔም በጣም ቀላል መስሎ ይታየኝ ነበር። ግን መልሱን አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ የአቶ ገላዬ ባርኔጣ ከእንግዲህ ለእኔ አይሠራም።

ስለዚህ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው እንፍራንዝ፣ የአባታቸው መሬት ላይ ብርቱካን ይንከባከቡ ነበር። ዐይናቸው ደክሟል። አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ መፍትሔው ምን እንደሆነ ሳልናገር ችግሩን ብቻ ነገርኳቸው፦ የሚለምጥ ክዳን፣ ከሥሩ የሚሞላ ውኃ፣ መድረቅ ያለበት መሣሪያ። ዛፋቸው ሥር ወንበራቸውን ከእኔ ወዲያ አዞሩና ያስቡ ጀመር። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ለስለስ ባለ ነገር አሽገዋለሁ» አሉ መጨረሻ ላይ። «እሱም ካልሆነ ሣጥኑን ሁለት ድርብ አድርጌ አሽገዋለሁ። እሱም ካልሆነ...» ቆም አሉና ሳቁ። «ከመታሸግ አልወጣሁም አይደል?»

«ልንገርዎ?»

«አትንገሪኝ! ገና ሳስብበት ልደር። አንቺ ግን ሂጂና ሥዕሉን ላላዩት ሰዎች እንዲሁ አቅርቢላቸው። ያላየ ሰው ነው የሚመሰክረው።»

ዳንኤል ሐሳቤን ሰምቶ አልተቆጣም። ሥዕሉን ያላዩ መርማሪዎችና ከውጭ የተጋበዙ መሐንዲሶች ባሉበት ስብሰባ ችግሩን ብቻ አቀረብኩ፤ የቀድሞዎቹን ሰነዶችም ሰጠኋቸው። ሁሉም ሣሉ። የታሸገ ሣጥን፣ በላስቲክ የታሸገ ሣጥን፣ በዘይት የተሞላ የታሸገ ሣጥን። ጥሩ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ከመካከላቸው ሰናይት ሞክራ የሞተባት ይገኝበታል። ታቹን የከፈተ ግን አልነበረም። ከዚያ የአያ ይርጋን ሥዕል ገለጥኩ።

አንደኛው መሐንዲስ ግንባሩን መታ። ዳንኤል ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ እኔም ሥዕሉን ባላይ ኖሮ አሽገው ነበር» አለ። «ይጻፍ።»

የውሳኔውን ምክንያት ራሴ ጻፍኩት። ቀደምቶቹ ሰነዶች ሁሉ ባለሙያውን የሚልኩት ወደ ማሸግ ነው፤ እሽጉ ሲሰነጠቅም የሚልኩት የበለጠ ወደ ማሸግ ነው። ኩባያ መድፋት የታወቀ ነው፤ ውኃ ያበላሸውን መሣሪያ ለውኃው ክፍት አድርጎ ለማኖር ግን ባለሙያውን የሚገፋው ነገር አልተገኘም። ይህን ስጽፍ ዝናቡ፣ የተገለበጠው ክዳንና አያ ይርጋ የጠየቀኝ ጥያቄ ፊቴ ነበሩ። ግልጹ መንገድ ተሞክሮ ሰው ሰብሯል። የሠራው ሌላው መንገድ ነው።

አያ ይርጋ ፓተንቱን ሲቀበል «ሸጋ» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገረም፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ጥሩዬ ናት እልል ያለችው። ክዳኖቹ ወደ አራዳ መንገድ ተመለሱ። እኔም ብዙም ሳልቆይ ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታዬን ገና ሳልለምደው አያ ይርጋ ደወለ። «እታለም፣ ኮላ ድባ አንድ ነጋዴ ክዳኔን ቀድቶ ይሸጣል አሉ። ነይና አብረን እንየው፤ አንቺ ሕጉን ታውቂዋለሽ።» ሚኒባሱ ውስጥ ሰናይት እስከ ደምቢያ ሜዳ ድረስ ነጋዴውን ፍርድ ቤት አቆመችው፣ ጠየቀችው፣ ፈረደችበት። አያ ይርጋ በመስኮት ማሽላውን ያያል።

ነጋዴው እንዳላማው ይባላል፤ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ አለው። ማን መሆናችንን ስንነግረው ላብ አጠመቀው።

«አልሰረቅኩም!» አለ። «አራዳ ሲገጠም አይቼ፣ እንዲያውም አሻሽዬ ነው ያሠራሁት።»

«ምኑን አሻሻልኸው?» አለ አያ ይርጋ።

«ያኛው ታቹ ሳይዘጋ ተረስቷል። እኔ በደንብ አድርጌ አሳሽጌዋለሁ።»

ሰናይት አፏን ከፍታ ቀረች። አያ ይርጋ ክዳኑን ገልብጦ አየና መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪፈስ፣ መደርደሪያውን ይዞ እስኪቆም ሳቀ። እኔም አላስቻለኝም። አንድ ሰው ነገሩን በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ቀድቶ እንኳ ሊያምነው አልቻለም። እንዲህ ያለ ምስክር ቢሮ ሳለሁ ባገኝ ኖሮ ያ ሁሉ ስብሰባ ባላስፈለገኝ።

ድንገት አያ ይርጋ ሳቁን ዋጠው። «ሸጠሃል?»

«አንዱን ብቻ። እዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ ተገጥሟል።»

«ተማሪ በሚረግጠው ላይ?»

«አዎ...»

በኋላ ተስማምተው ዛሬ እንዳላማው በአያ ይርጋ ፈቃድ ይሠራል። ያን ቀን ግን ስለ ፈቃድም ስለ ክስም የተነሣ ነገር የለም። ሰናይት የፓተንቱን ቅጂ ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል አጎቷ እጇን ያዛት።

«እሱ ይደርሳል። መጋዝ አለህ?» አለ ነጋዴውን።

በአቧራማው መንገድ ተከታትለን ትምህርት ቤቱ በር ደረስን። ደመናው ከጣና በኩል እየጠቆረ ይመጣ ነበር። አያ ይርጋ ተንበርክኮ ክዳኑን ፈነቀለና ገለበጠው፤ የታሸገውን የኩባያ ታች በመጋዝ ይቆርጥ ጀመር። እንዳላማውም በሱቅ ልብሱ ከፊቱ ተንበርክኮ ክዳኑን በሁለት እጁ ያዘለት።

«ክፍት ሆኖ ውኃ አያስገባም?» አለ ግራ ገብቶት። «ይኸን ደግሞ ማን ያስባል፣ አያ?»

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለው አያ ይርጋ ቀና ሳይል። «ልጆቹ ሊለቀቁ ነው።»